ባለ ባርኔጣው ሰውዬና የወረዱት ታፔላዎች፦ የበርሊን አሮጌ ምልክቶች ይቆዩ ወይስ ይውረዱ?

በርሊን ውስጥ በብዙ የእግረኛ መሻገሪያዎች ላይ ባርኔጣ የደፋ ትንሽ ሰው አለ። ቀይ ሲሆን ሁለት እጁን ዘርግቶ ያቆማል። አረንጓዴ ሲሆን ሰፋ አድርጎ እየረገጠ ይሄዳል። ሰውዬው የምሥራቅ ጀርመን ልጅ ነው። አገሩ ከካርታ ከጠፋች ከ30 ዓመት በላይ ሆናት፤ እሱ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። በዚያው ከተማ፣ በምዕራቡ በኩል ደግሞ የቅኝ ገዢዎችን ስም የያዙ የመንገድ ታፔላዎች ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይተው በቅርቡ ወርደዋል።

ታዲያ አሮጌ ምልክት መንገድ ላይ ይቆይ ወይስ ይውረድ? በርሊን የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን እንዲከራከሩበት ጋብዘናል። "ይቆይ" የሚሉት በ1980ዎቹ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ድሬስደን የተማሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። "ይውረድ" የምትለው ቬዲንግ ሰፈር በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራ እናት ናት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይቆይ

ሰው ስለዚህ መብራት ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ማማሩን ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝና የምነሳው ከሥራው ነው።

ካርል ፔግላው የትራፊክ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። በ1961 ምሥራቅ በርሊን ውስጥ አዲስ የመብራት ምልክት ሲያቀርብ የሚያሳስበው ነገር ነበረው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው መንገድ ላይ ምን ያድርግ? ይህ የዓይን ችግር አውሮፓ ውስጥ ከ12 ወንዶች በአንዱ ላይ ገደማ ይታያል። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃንስ? ዓይናቸው የደከመ አዛውንትስ? ፔግላው ቀለምን ብቻውን አላመነውም። እግረኛው የራሱ ምልክት እንዲኖረው፣ ቅርጹም ከቀለሙ ጋር አብሮ እንዲናገር አደረገ። ሥዕሉን የሠራችው ጸሐፊው አኔሊዜ ቬግነር ናት። ባርኔጣውን ባለሥልጣናቱ "የከበርቴ ነገር ነው" ብለው ይጥሉታል የሚል ስጋት ነበረው። አልጣሉትም። በ1969 ኡንተር ዴን ሊንደንና ፍሪድሪኽሽትራሰ የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ተተከለ።

የሰውዬው ውፍረትም እንዲያው አልመጣም። ገላው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ያሳልፋል። ከምዕራቡ ቀጭን ሰውዬ ጋር ሲነጻጸር የሚበራው ቦታ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በጭጋግና በዝናብ፣ ጀርመን ኅዳር ላይ ከሰዓት በኋላ በሚጨልምበት ወቅት፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ግን ይነሳ ጀመር። ተበላሽቶ አይደለም። አደጋ አብዝቶም አይደለም። የምዕራቡ መብራት ሌላ ስለነበረ ብቻ ነው። በ1996 ማርኩስ ሄክሃውዘን የተባለ የቱቢንገን ዲዛይነር የተነቀሉትን እየሰበሰበ የቤት መብራት ሠራባቸው። ሰውዬውን እናድን የሚል ኮሚቴም ተቋቋመ። በ1997 ባለሥልጣናቱ ተመለሱ፤ ይቆይ ተባለ። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ወደ ምዕራብ በርሊን ወረዳዎች ተሻገረ። በ2013 ብሬመን የሚገኝ፣ ያኔ ያኮብስ ይባል የነበረ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የምሥራቁንና የምዕራቡን የመብራት ሰውዬ አወዳድረው ጥናት አወጡ። ተፈታኞቹ ለምሥራቁ ሰውዬ ፈጥነው መለሱ፤ ቅርጹና ቀለሙ ሆን ተብሎ እንዲጋጩ ሲደረግም ያነሰ ተምታታባቸው። እንግዲህ በ1990ዎቹ ሊጣል የነበረው የተሻለው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። ያኔ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ትሮይሃንድ የተባለው መሥሪያ ቤት ከ8,000 በላይ የመንግሥት ድርጅቶችን ተረክቦ እስከ 1994 ድረስ ሸጠ፣ ከፋፈለ፣ ዘጋ። እኔ የምሠራበትም ከተዘጉት አንዱ ነው። ገንዘቡ ተቀየረ፣ መታወቂያው ተቀየረ፣ ሱቅ ውስጥ የለመድነው ዕቃ ሁሉ ጠፋ። የሥራ ባልደረቦቼ 20 ዓመት የሠሩበት ሙያ በአንድ ደብዳቤ ከንቱ ሆነ። "እናንተ የሠራችሁት አንድም የሚረባ ነገር የለም" የሚል ዓይን በየቢሮው ይጠብቀን ነበር። እንግዲህ በዚያ ጊዜ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ "ይሄስ ጥሩ ነበር" ተባለለት። ሰው ስለ መብራት ሲጮህ የነበረው ለዚህ ነው። ይህን መንቀል ማለት ለእነዚያ ሰዎች ያቺን አንዲትን እውነት መንፈግ ነው።

ይውረድ

ጋሼ፣ መብራቱ ጥሩ መሆኑን አልክድም። ልጄ መቆምና መሻገር የተማረችው በእሱ ነው። የምከራከርዎት ስለ መብራቱ ሳይሆን ስለ "ይቆይ" ነው።

እስቲ ያሉትን ለሁለት ልክፈለው። አንደኛ፣ ይሠራል ብለዋል። ይሥራ! ከሠራ ይቆያል። ግን የሚቆየው ስለሚሠራ እንጂ ስላረጀ አይደለም። ነገ ማየት ለተሳነው ሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የሚሻል ነገር ከመጣ ያለ ለቅሶ ይቀየር። ፔግላው ራሱ በ1961 ያደረገው ይህንኑ ነው። የነበረውን መብራት አየ፤ ለደካማው አይሆንም አለ፤ ቀየረው። "የለመድነው ነው፣ ታሪክ ነው" ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ሰውዬ አይኖርም ነበር።

ሁለተኛ፣ መጽናኛ ነው ብለዋል። ይሄኛው ነው ልቤን የሚያሳዝነኝ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሙያው ከንቱ ሆነ፣ ባርኔጣው ግን ተመለሰ። ይህ ለእርስዎ ድል ነው? እኔ እንደ ካሣ ነው የማየው፤ ያውም ርካሽ ካሣ። ዛሬ መሐል በርሊን ቢሄዱ ሰውዬው ሲኒ ላይ፣ ካናቴራ ላይ፣ የቁልፍ መያዣ ላይ አለ። በስሙ የተከፈቱ ሱቆች አሉ። የሚገዛው ቱሪስት ስለ እርስዎ ባልደረቦች ምን ያውቃል? ምሥራቅ ጀርመን ማለት ባርኔጣ የደፋ ደስ የሚል ሰውዬ ሆና ቀረች። የተዘጋው ፋብሪካ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። የታሠረው ሰውም አይሸጥም። ታሪክ የጠበቅን እየመሰለን የሚጣፍጠውን ብቻ ነው ያስቀረነው።

ደግሞም በርሊን መንገድ ላይ አሁን የሚበራው የዚያን ዘመን ዕቃ አይደለም። ኤልኢዲ ነው። አዲስ ሳጥን ውስጥ የገባ የድሮ ሥዕል ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልውሰድዎት። ቬዲንግ ውስጥ የአፍሪካ ሰፈር የሚባል አለ። የጀርመን ቅኝ ግዛቶችን ለማሞገስ ስም የወጣላቸው መንገዶች ናቸው። ልጆች ይዘን የምንመላለስበት ነው። አንዱ መንገድ ሉደሪትዝሽትራሰ ይባል ነበር። አዶልፍ ሉደሪትዝ የብሬመን ነጋዴ ነው። በ1883 ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ከናማ ሕዝብ ሹም መሬት ገዛ። ስፋቱ በማይል ተጻፈ። ሹሙ የሚያውቀው የእንግሊዙን ማይል ነው፤ 1.6 ኪሎ ሜትር። ሉደሪትዝ ፊርማው ካለቀ በኋላ የጀርመን ማይል ነው አለ፤ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ። ለዚህ ሰው ነው ታፔላ የተሰቀለለት።

የፔተርስ ጎዳና ይብሳል። በ1939፣ በናዚ ዘመን፣ ለካርል ፔተርስ ክብር የተሰየመ ነው። ፔተርስ ኪሊማንጃሮ አካባቢ አፍሪካውያንን እየሰቀለ በመግደሉ በ1897 የገዛ መንግሥቱ ከሥራ ያባረረው ሰው ነው። በ1986 ወረዳው ምን አደረገ መሰለዎት? ስሙን አልቀየረም። "ይህ ፔተርስ ያ ፔተርስ አይደለም፣ ናዚን የተቃወመው የሕግ ሊቅ ሃንስ ፔተርስ ነው" የምትል ትንሽ ሰሌዳ ጨመረበት! ብረቱ እዚያው፣ ፊደሉ እዚያው። እስከ 2024 ድረስ እንዲህ ቆየ። ይቀየር ያሉትን የመለሷቸው "ታሪክ ነው፣ ይቆይ" እያሉ ነው። ጋሼ፣ ይቅርታዎንና፣ "ይቆይ" ሲሉ የምሰማው እነሱን ነው።

ይቆይ

እህቴ፣ ከእነዚያ ሰዎች ጋር አታቁሚኝ። የፔተርስ ታፔላ መውረዱ ልክ ነው። ቀድሞ መውረድ ነበረበት።

መብራት ማንንም አያከብርም፣ ማንንም አያዋርድም። "ቁም" ወይም "እለፍ" ይልሻል፣ በቃ። የመንገድ ስም ግን ክብር ነው። ከተማው "ይህን ሰው አስታውሱት" ብሎ ከፍ አድርጎ የሰቀለው ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ልክ አይደለም። የፔተርስን ነውር አምጥተሽ ባለ ባርኔጣው ላይ አትጫኚበት።

ግን አንቺም "ይውረድ" ስትይ መጠንቀቅ አለብሽ። ማውረድ የሚችለው ሁልጊዜ ጉልበት ያለው ነው። በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የሌኒን ሐውልት ሲወድቅ፣ እዚህም የሌኒን ሐውልት በዚያው ዓመት መፍረስ ጀመረ። የሌኒን አደባባይ በ1992 ስሙ ተቀየረ። እሺ፣ ሌኒን ይሁን። ክላራ ዜትኪንስ? ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች፣ ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን እንዲኖር በ1910 ኮፐንሃገን ላይ ሐሳብ ካቀረቡት አንዷ ናት። ፓርላማው አጠገብ በስሟ መንገድ ነበር። በ1995 አወረዱት። በምትኩ የተመለሰው የድሮ ስም ነው፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን መኳንንት የሆነችው የዶሮቴያ። የሕዝብ ታጋይ ወርዳ ልዕልት ወጣች! ያን ጊዜ "ይውረድ" ያሉት ሰዎችም ልክ እንዳንቺ በጽድቅ መንፈስ ነበር የሚናገሩት።

ስለ ኤልኢዲው ያነሳሽው ግን ለእኔ ነው የሚናገረው። አምፖሉ ተቀየረ፣ ሳጥኑ ተቀየረ፣ ሐሳቡ ቆየ። እኔ የዛገ ብረት ይታቀፍ አላልኩም። ምልክት የሚቆየው እየሠራ ሲቆይ ነው። ፖትስዳመር ፕላትስ ሄደሽ ታውቂያለሽ? በ1924 እዚያ አምስት ማዕዘን ያለው የትራፊክ ማማ ቆመ። ስምንት ሜትር ተኩል ቁመት አለው። አናቱ ላይ ፖሊስ ተቀምጦ መብራቱን ይቆጣጠር ነበር። ከአውሮፓ ቀደምት የትራፊክ መብራቶች አንዱ ነው። በ1930ዎቹ ነቀሉት። በ1997 ደግሞ አምሳያውን ሠርተው እዚያው አቆሙት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዛሬ ያ ማማ አንድ መኪና አያቆምም። ቱሪስት ፎቶ ይነሳበታል። የነቀልሽውን ነገር መልሰሽ ስትፈልጊው የምታገኚው እንዲህ ያለውን ነው።

ይውረድ

ዜትኪንን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ለክርክሬ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

ዓመቱን ይቁጠሩልኝ። የበርሊን ግንብ በ1989 ፈረሰ፣ ዜትኪን በ1995 ወረደች። ስድስት ዓመት። ሉደሪትዝ የወረደው መቼ ነው? በ2022። ሁለቱም ታፔላ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ለአንዷ "ዘመኑ አልፏል" ተባለ። ለሌላው "ታሪክ ነው" ተባለ። ስለዚህ "ይቆይ" የሚለው ቃል እርስዎ እንደሚሉት ደካማውን የሚጠብቅ ጋሻ አይደለም። ጉልበተኛው የፈለገውን ያወርዳል፣ የፈለገውን ያስቀራል፣ ከዚያ ያስቀረውን "ታሪክ" ይለዋል። እኔ የምጠይቀው ሁሉም ታፔላ በእኩል እንዲጠየቅ ነው። ለምን እዚህ አለህ? ማንን ታገለግላለህ? መልስ ካለው ይቆያል። ከሌለው ዕድሜው አያድነውም።

መብራት ማንንም አያከብርም የሚለውንም አልተቀበልኩትም። አሁን ስለ ባልደረቦችዎ የጻፉትን መልሰው ያንብቡ። "ይሄስ ጥሩ ነበር ተባለለት" አሉ እኮ! ክብር ማለት ሌላ ምንድነው? እርስዎ ራስዎ ከመብራቱ ሥራ ይልቅ ክብሩን ነው የሚጠብቁት። አልፈርድብዎትም። ግን ክብር ከሆነ እንደ ስሞቹ ይመዘን።

እንዲያውም ሰፈሬ ውስጥ የመጣውን ይዩት። የሉደሪትዝ መንገድ ዛሬ የኮርኔሊየስ ፍሬድሪክስ ነው፤ ጀርመኖችን ተዋግቶ በ1907 ሻርክ ደሴት እስር ቤት የሞተ የናማ መሪ። በቅኝ ገዢው ናኽቲጋል ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ የማንጋ ቤል ሆኗል፤ ሩዶልፍ ዱአላ ማንጋ ቤል በ1914 ካሜሩን ውስጥ በጀርመኖች የተሰቀለ ንጉሥ ነው። የፔተርስ ጎዳና ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በምሥራቅ አፍሪካ በጀርመኖች ላይ በተነሳው አመፅ ስም ማጂ ማጂ፣ ሌላው በናሚቢያዊቷ ታጋይ ስም አና ሙንጉንዳ ተባለ። መሐል ከተማ ደግሞ ሞሬንሽትራሰ ነበር፤ ጥቁሮችን በሚያዋርድ የድሮ አጠራር የተሰየመ። ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ከሰው ለዓመታት ካዘገዩት በኋላ በነሐሴ 2025 የአንቶን ቪልሄልም አሞ ስም ተሰጠው። አሞ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር የተወለደ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሃለና ዬና ፍልስፍና ያስተማረ ጥቁር ሊቅ ነው። እነዚህ ስሞች አሮጌው ካልወረደ የት ይሰቀሉ ነበር? ምሰሶው አንድ ነው።

ትዝታ ደግሞ ታፔላ አይፈልግም። ካዛንቺስን ይውሰዱ። ስሙ የመጣው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራለት መሥሪያ ቤት ነው። ማንም ታፔላ አልጠበቀለትም። ታክሲ ረዳቱ እየጠራ እዚህ አደረሰው። አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ ላይ ያለው የመንገድ ስምና ሰው አፍ ላይ ያለው ስም ስንት ቦታ ይገናኛሉ?

ይቆይ

ካዛንቺስን ባታነሺው ይሻልሽ ነበር። ስሙ አፍ ላይ አለ፤ ቤቶቹስ? ፒያሳም እንደዚሁ ነው። በ2024 ስንቱ አሮጌ ቤት ፈረሰ። እዚያ የተወለደ ሰው ዛሬ ልጁን ይዞ ቢሄድ በጣቱ የሚያሳየው ምን አለ? "እዚህ ነበር" ይላል። ልጁ የሚያየው ሰፊ መንገድና አዲስ መብራት ነው። ስም ብቻውን የሚኖረው የሚያውቁት ሰዎች እስኪያልፉ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ዛሬ ካዛንቺስ ከሚሉት ወጣቶች መሐል ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንቺ ያወቅሽው አንብበሽ ነው።

"በእኩል ይጠየቅ" ያልሽው ግን ልብ የሚነካ ነው። ጥያቄዬ ጠያቂው ማን ነው የሚል ነው። በ1990ዎቹ ባለ ባርኔጣውን "ማንን ታገለግላለህ?" ብለው የጠየቁት ከምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ ከቦን የመጣውን ደንብ የያዙ ሰዎች ናቸው። መልሱን አልሰሙም፤ ነቀሉ። በፈተና ይሻላል የሚል ጥናት የመጣው በ2013 ነው። ተሟጋቾቹ "ይቆይ" ብለው ነቀላውን ባያዘገዩት ኖሮ ለመጠየቅ እንኳን የሚተርፍ መብራት አይኖርም ነበር። እኔ "ይቆይ" የምለው ለዘላለም ይክበር ማለቴ አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት አትንቀሉ፣ የማረጋገጡ ሸክም በነቃዩ ላይ ይሁን ማለቴ ነው። የፔተርስ ነቃዮች ያን ሸክም ተሸክመው አሳይተዋል። የዜትኪን ነቃዮች አላሳዩም።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። በርሊን ውስጥ የመንገድ ስም ሲቀየር አሮጌው ታፔላ ወዲያው አይነሳም። በቀይ መስመር ተሰርዞ ለተወሰነ ጊዜ ከአዲሱ ጎን ይሰቀላል፤ ፖስታ አመላላሹም ሰውም እንዲለምደው። ያ የተሰረዘ ታፔላ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ከላይ ማጂ ማጂ፣ ከታች በቀይ የተሰረዘ ፔተርስ። ማን ተዋረደ፣ ማን አሸነፈ፣ ምን ታርሞ ነው እዚህ የደረስነው፣ ሁሉም አንድ ምሰሶ ላይ ይነበባል። ይህን ለምን ከወራት በኋላ ያነሱታል? ይተዉት። ሙዚየም የሚሄደው ቲኬት መግዛት የሚችል፣ ጊዜ ያለው ሰው ነው። መንገድ ላይ ያለውን ግን ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሁሉ ያነበዋል።

ይውረድ

የማረጋገጡ ሸክም በነቃዩ ላይ ይሁን ብለዋል። መብራት ሲሆን እሺ። ስም ሲሆን ግን ያ ሸክም ማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ ልንገርዎት። የአፍሪካ ሰፈርን ስሞች ለማስቀየር ዓመታት የለፉት ጥቁር በርሊኖችና ደጋፊዎቻቸው ናቸው። በትርፍ ጊዜያቸው፣ በራሳቸው ገንዘብ። ስብሰባ እየሄዱ፣ ሰዎችን በየመንገዱ እያዞሩ እያስተማሩ፣ እየተሰደቡ። ፔተርስ ገዳይ መሆኑን ጀርመን ራሷ በ1897 አውቃለች። ከዚያ በኋላ ማስረዳት ያለበት ለምን ተገደልን የሚለው ሰው ነው? ታፔላውን የሰቀለው ወረዳ ነው ማስረዳት ያለበት።

የተሰረዘው ታፔላ ሐሳብዎ ያምራል፤ ለሚያልፍ ሰው። ለሚኖርበት ሰው ግን ሌላ ነው። ልጄ ማንበብ ጀምራለች፤ በመንገድ ያገኘችውን ፊደል ሁሉ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። በቀይ መስመር ሥር ያለውንም ታነበዋለች። የፔተርስን ስም በየጠዋቱ እየጠራች ወደ ትምህርት ቤት እንድትሄድ አልፈልግም፤ ተሰርዞም ቢሆን። አሮጌው ታፔላ ሙዚየም ይግባ፣ ያደረገው ነገር ሁሉ ከሥሩ ይጻፍበት። የቲኬቱ ነገር ካሳሰበዎት መግቢያውን ነፃ ያድርጉት።